ዶዘሩ ሳይመጣ ያፈረስነው ሰፈር

የሰፈሬ ሰዎች፣ የጅማ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከቁጣው ለራሴም ድርሻ አስቀርቻለሁ።

ባለፈው ክረምት እድራችን አንዲት እናት ቀበረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉልት ላይ ቃሪያና ሽንኩርት እየደረደሩ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። ሰው ግን አልመጣም። ቃሬዛ የሚይዝ ትከሻ አንሶን ከአዲሱ ፔንሲዮን ሁለት ዘበኞች ለምነን ነው የሸኘናቸው። ከቀብር መልስ አንዱ «ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?» አለ። ሌላው ንፍሮውን እያላመጠ «ኮሪደር ልማቱ በላው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ውሸታችንን ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩ። በእኛ መንገድ ለኮሪደሩ መንገድ ማስፋፊያ የተነሱት ሦስት ግቢዎች ናቸው። የቀሩትን ያስወጣናቸው እኛ ነን። አንዱ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ብሎ ተከራዩን አስወጣ። ልጁ እስከ ዛሬ አላገባም። ክፍሏ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍላ ለኮሌጅ ተማሪዎች ተከራይታለች። ሌላው ግቢውን ከነሰርቪሶቹ ሸጠና አምስት ቤተሰብ በአንድ ሳምንት በተነ። ሌላው ደግሞ በየሦስት ወሩ ዋጋ እየጨመረ ሰውየው ራሱ ተማሮ እንዲወጣ አደረገው። አሁን ስትጠይቁት «እኔ ውጣ አላልኩትም» ይላል።

የእኔንም ልናገር። ከግቢዬ ጀርባ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ከሁለት ልጆቿ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። አንድ ቀን ደላላ መጣና «ጋሼ፣ ኮብልስቶኑ በርዎ ድረስ ደርሷል፣ በዚህ ዋጋ ማከራየት ሞኝነት ነው» አለኝ። ጆሮዬን ሰጠሁት። በወሩ ኪራዩን እጥፍ አደረግኩባት። አልተጨቃጨቀችም። ምጣዷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ አቅፋ ተቀመጠች፣ የቀረውን ዕቃ በጋሪ አስጫነችና ሄደች። እኔም «ጢሱ ግድግዳውን አጥቁሮት ነበር» እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስፈጥር ከረምኩ። አሁን እዚያ ክፍል የገባው ልጅ ጨዋ ነው። ኪራዩን ቀን ሳያዛንፍ በሞባይል ይልካል። በቀደም ስልኩን ሲያሳየኝ ስሜን ምን ብሎ እንደመዘገበው አየሁ። «አከራይ» ይላል። ዘጠኝ ዓመት «ጋሼ» የምትለኝን ሴት አስወጥቼ «አከራይ» ሆንኩ።

ከተማ ለምን ተለወጠ የምል እንዳይመስላችሁ። የአዌቱ ዳር ሲጸዳ፣ የእግረኛው መንገድ ሲሰፋ ደስ ብሎኛል። ማታ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር እዚያው ነኝ። ወንዙን ወንዝ እንዳይመስል አድርገነው የነበርነውም እኛው ነን። የአህያ ሬሳ ሳይቀር እየጣልንበት «መንግሥት ምን ይሠራል?» እንል ነበር። የቤታችን ነገርም ያው ነው።

እስቲ ስለ ኪራይ እንነጋገር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይለፍ ይላል። ይህን ሳነሳ እድር ላይ የሰማሁት መልስ «ኧረ እሱ የአዲስ አበባ ነው» የሚል ነበር። ይሁን! ጽፎ መፈረምን ጅማ ላይ ማን ከለከለህ? ሁለት ዓመት አልጨምርም ብሎ ቃል መግባትስ የማን ፈቃድ ይጠይቃል? «እኛ በእምነት ነው የምንኖረው» ትላላችሁ። የተማመናችሁት በፈለጋችሁት ቀን ማስወጣት መቻላችሁን ነው።

የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ደግሞ እኔን እየሰማችሁ አትሳቁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ እንደ ሻይ ዋጋ ሆኖ ቀረ፣ ስለዚህ የሚያድስ ጠፋ። ጅማ ውስጥ ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናብ ነው። ጭቃ ቤት ሳይመረግ ስንት ክረምት ይችላል? በዚህ የተጎሳቆለ ብዙ ነው፣ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ከመካከላችሁ የቀበሌውን ቤት በስሙ ይዞ፣ ሌላ ቦታ ቤት ሠርቶ እየኖረ፣ የመንግሥትን ቤት በስድስትና በሰባት እጥፍ ለድሃ የሚያከራይ አለ። ቤቱ ይነሳ ሲባል ሮጦ መጥቶ ምትክ የሚቀበለው እሱ ነው። በሚያፈስሰው ጣሪያ ሥር የኖረው ሰው ስሙ የትም የለም። ይህን የሠራህ ሰው ራስህን ታውቀዋለህ። እኔም አውቅሃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቴ ነው የምትቆመው።

ወደ ሻጮቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚያርረው። «ሊፈርስ ነው» የሚለውን ወሬ የሚያመጣው ማነው? ደላላው። «ሳይፈርስ ቶሎ ሽጥ» የሚለውስ? እሱው። የሚገዛውን ሰው ይዞ በነጋታው የሚመጣውስ? አባቶቻችን ከአንድ ፍየል ሻጭ ጋር ግማሽ ቀን ይከራከሩ ነበር። እኛ የአያታችንን ግቢ በአንድ ሲኒ ቡና እንፈርማለን። ሰፈር መልሶ ሲለማ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት፣ አቅሙ ካለው፣ ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ እንዳለው ሕግ ላይ ተጽፏል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን አውጥታችሁ አንብቡት። በሰፈራችን አንድ ሰው ሲጠቅሰው አልሰማሁም። ድንኳንና ብረት ድስት በመዋጮ መግዛት የምናውቅ ሰዎች ነን። እቁብ እየጣልን ሱቅ የከፈትን፣ ባጃጅ የገዛን ሰዎች ነን። አራት አምስት ግቢ ተነጋግሮ አንድ ጂ ፕላስ ቱ ለማቆም መሞከር እንዴት ከሰማይ የራቀ ሆነብን? ለነገሩ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ወንድምና እህት በውርስ ተኳርፈው ፍርድ ቤት ነው የሚገናኙት። በዚያ መሃል ደላላው ሦስተኛ ወራሽ ሆኖ ገባ።

አሁን ደግሞ አዲስ አመል አውጥተናል። ቤቱን የሸጥነው እኛ፣ የገዛውን «መጤ» የምንለውም እኛ። አናፍርም? ጅማን የሠራት መጪ ነው። የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም በነበረበት ዘመን ነጋዴው ከየአቅጣጫው ነበር የሚጎርፈው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ሆነው ሰዉን በሰላም እንዲነግድ አድርገው ነው ስማቸው የቀረው። ከምኒልክ ጋርም ጦር ሳይማዘዙ ገብረው አገራቸውን ከመቃጠል አትርፈዋል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ጉራጌው፣ ከፊቾው፣ የሙ፣ ሱቅ የከፈተው የመን ዓረብ ሳይቀር እዚህ ተጋብቶ ተዋልዷል። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጅማን 120,960 ሰው ነው ያላት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እንደተጨመረ ዓይን ያለው ያያል። ዩኒቨርሲቲው ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ከየክልሉ ወጣት ሲያስመጣ ቡናውን ያፈላነው፣ ሻይ ቤቱን የከፈትነው፣ ፎቶ ኮፒውን ያቆምነው እኛ ነን። በመጪ በልተን በመጪ ማማረር ነውር ነው። ሰውን በሰፈር የሚለየውን አሠራር ከጣሊያን ነው ያየነው፣ «ፈረንጅ አራዳ» የሚለው ስም ለማን እንደተሠራ ራሱ ይናገራል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጥቷል።

አዲስ የገባችሁት ደግሞ፣ እናንተም አታመልጡም። ቤት ስትገዙ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የገዛችሁ መሰላችሁ። አጥራችሁ ሦስት ሜትር፣ በላዩ ሽቦ። በጎረቤት ለቅሶ የመኪናችሁን ጥሩምባ እየነፋችሁ ድንኳኑን አንሱልን ያላችሁ አላችሁ። የእድሩ ጥሩምባ እንቅልፍ ነሳን ብሎ ቀበሌ ያመለከተም አለ! ወንድሜ፣ ያ ጥሩምባ አንድ ቀን ላንተም ይነፋል። ያን ዕለት አጥርህ ቃሬዛ አይሸከምልህም። በወር የምታዋጣት ለአንድ ማኪያቶ አትበቃም። ኑና ተመዝገቡ፣ ስማችሁን ንገሩን፣ የእኛንም ያዙት።

እድራችንስ? ዋናው ጥፋት እዚህ ነው ያለው። የመተዳደሪያ ደንባችን ከሰፈር የለቀቀና ሦስት ጊዜ ተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዝ ይላል። ደንቡ ሲወጣ የፈረምኩት እኔም ነኝ። ያኔ ሰው ሰፈር የሚለቀው ሲሾም ወይም ሲከብር ነበር። ዛሬ የለቀቀው ከተማው ዳር፣ ባጃጅ ማታ የማይገባበት፣ ክረምት ጭቃው ቦት ጫማ የሚያወልቅበት ቦታ ነው ያለው። እንዴት ሌሊት ጥሩምባ ሰምቶ ይምጣ? ሃያ ዓመት ከፍሎ፣ የሌላውን ሬሳ ተሸክሞ፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ያቺን እንጀራ ጋጋሪ ስሟን የሰረዝናት በወጣች በአራተኛው ወር ነው። ጸሐፊው ሲሰርዝ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። «አዎ፣ ለቃለች» አልኩት።

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስብሰባ አለን። ያን የድሮ መዝገብ ይዤ እመጣለሁ። ቀይ መስመር የተሰመረበትን ስም አንድ በአንድ አነብላችኋለሁ፣ እናንተም የት እንዳለ የምታውቁትን ትናገራላችሁ። ስልኩ ያለው ሰው ይደውል። ከዚያ በኋላ ደንቡን እንለውጣለን፣ ለቅሶ ሲኖር ጥሩምባው በስልክም ይነፋል። እሷን የማፈላልገው እኔ ነኝ፣ ከገበያ ጀርባ ለምግብ ቤቶች እንጀራ እንደምታቀርብ ሰምቻለሁ። ዳር ላሉት የባጃጅ መምጫና መመለሻ ከየት ይመጣል የምትሉኝ ካላችሁ፣ የዚህን ዓመት እኔ እችላለሁ። ከዚያ ከጨመርኩት ኪራይ ላይ።