ጡረታ የወጣው እሳት አደጋ

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ጎረቤት አያስቸግርም። ቢበዛ አንድ መሳቢያ ይሞላል። የድሮ የእሳት አደጋ መኪና የሚሰበስበው ግን መንገድ ይዘጋል። እነዚህ ሰዎች ማኅበር ሁሉ አላቸው። የአሜሪካኖቹ ትልቁ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1958 ነው የተቋቋመው።

ችግሩ የሚጀምረው ከግዢው ማግስት ነው። "ትንሽ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው" ተብሎ የመጣው መኪና በጋራዡ በር አይገባም። በሩ ይፈርሳል። የቤቱ መኪና ዝናብ ላይ ያድራል፣ ሽማግሌው ግን ከነመሰላሉ ጣራ ሥር ይተኛል። ረጅም መሰላል የሚጎትቱትማ አንዳንዶቹ ሁለት መሪ አላቸው፤ አንዱ ሰው ከፊት ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ የኋላውን ጎማ ይመራል። ባልና ሚስት አብረው ባይነዱት ይሻላል።

ስብሰባቸው ላይ ትልቁ አጀንዳ ቀለም ነው። "ቀይ ያው ቀይ ነው" ያለ አዲስ አባል ለሁለተኛ ጊዜ አይናገርም። አረንስ ፎክስ የሚባለውን መኪና አይቶ "ፊቱ ላይ ያለችው የምታብረቀርቅ ኳስ ለጌጥ ናት?" ብሎ የጠየቀም አለቀለት። አንድ አዛውንት ክንዱን ይይዙታል። ፓምፑ በፒስተን ስለሚሠራ ውሃውን እየቆራረጠ ነው የሚገፋው፤ ኳሷ ውስጥ የታመቀው አየር ያንን ምት ያለዝበዋል፤ ውሃው ሳይንቀጠቀጥ ይወጣል። እኔ በሁለት መስመር ጨረስኩት። እሳቸው ግን ገና ፒስተኑ ጋ ናቸው፣ ምሳውም ቀዝቅዟል።

ደወል ሲሰማ ዘሎ ይወጣ የነበረው መኪና ዛሬ ለሰልፍ ሲጠራ መጀመሪያ ባትሪው ይለመናል። ቀጥሎ ካርቡራተሩ። በመጨረሻ በሌላ መኪና ተጭኖ ይደርሳል። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲረጭ የኖረ ነው፤ አሁን ትንሽ ደመና ከታየ ባለቤቱ ሸራ ይዞ ይሮጣል። ዝገት ነዋ! ከሾፌሩ ወንበር ሥር ደግሞ አዲስ የእሳት ማጥፊያ ታያላችሁ። ያረጀ የቤንዚን ቱቦ አይታመንም፤ እሳት አደጋውም እሳት ይፈራል።

"ምን ይጠቅማል?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለኑክሌር ጦርነት ብላ "ግሪን ጎዴስ" የሚባሉ የእሳት አደጋ መኪናዎች ሠርታ አስቀምጣ ነበር። ጦርነቱ ቀረ። በ1977 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ግን ወታደሮች እነዚያኑ አሮጌዎች እየነዱ ወጡ። በ2002 ሌላ የሥራ ማቆም አድማ ሲመጣ እንደገና ተጠሩ። ሰብሳቢው ይህን ሲተርክ ደረቱ ይነፋል። መኪናዎቹ አረንጓዴ ነበሩ ስትሉት ብቻ ወሬ ይቀይራል።

ቢሆንም የሚያሾፍባቸው ሰው ሁሉ "ደወሉን መደወል ይቻላል" ሲባል የት እንደሚገኝ አይቻለሁ። ወረፋው የሕፃናት ነው። መሀል ላይ ግን ከረባት ያሰረ ጎልማሳ "ልጄን ላስደውል ነው" እያለ ይጋፋል። ልጁ የለም።