የሱሉልታ ሰዓት የአቃቂ ሰዓት አይደለም

ባለፈው ዐቢይ ጾም የአንዲት የ10 ሺህ ሜትር ሯጫችንን የስድስት ሳምንት የልምምድ መዝገብ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ላሠራት ብዬ ጠየቅኩት። ልጅቷ እየወረደች ነው፣ የፍጥነት ልምምድ ይጨመርላት አለኝ። ማስረጃውን ያገኘው ከራሴ ደብተር ነው። 6 ጊዜ 1,000 ሜትር ስትሠራ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን በ3፡10 ደቂቃ ትገባ ነበር፤ በአምስተኛው 3፡18 ሆነባት።

ቦታውን ግን አልጻፍኩም ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ አቃቂ፣ የአምስተኛው ሱሉልታ ነው የተሠራው። ሱሉልታ ከአቃቂ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ጉልበት ያንኑ ሰዓት አያመጣም። ጾሙንም አልጻፍኩም። ልጅቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ማለዳ ጠንካራ ልምምድ ሠርታ ባዶ ሆዷን በምትውል ልጅ ላይ ፍጥነት ብጨምርባት ኖሮ፣ በገዛ እጄ ለጉዳት እዳርጋት ነበር።

ይህን ያየ ባልደረባዬ "ተወው፣ ይቅርብህ" አለኝ። አልተውኩትም። መዝገቡን ከእሷ ጋር ተቀምጬ እንደ አዲስ ጻፍኩት፦ ቦታውን፣ መሬቱ አስፋልት ይሁን ኮሮኮንች ወይም ጫካ፣ እንቅልፏን፣ የበላችበትን ሰዓት፣ ከልምምድ በኋላ ያለችውን በራሷ ቃል። ያንን መልሼ ስሰጠው ማሽኑ እኔ ያላየሁትን አሳየኝ። ሰኞ በአስፋልት ረጅም ሩጫ ከሮጠች፣ ሐሙስ "ባቴን ያዘኝ" ትላለች። አራት ጊዜ ብላለች፣ አራቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሯጭ የያዘ አሰልጣኝ እነዚያን አራት ሐሙሶች አንድ ላይ አያስታውስም። ማሽኑ ቀኖቹን ከነቃሏ ስለዘረዘረልኝ ደብተሬን ገልጬ አመሳከርኩ። ቀኑን ቆጥሮ የማያሳየኝን ምክር ግን ሜዳ ይዤው አልወጣም።

እጅግ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የልጆቹን ስም፣ ጉዳታቸውን፣ የሴቶቹን የወር አበባ ቀን ሳይቀር በስልካችን ወደዚህ አገልግሎት እየላክን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል። ሕጉ ባይኖርስ? የአንዲት ልጅ የባት ሕመም ማናጀሮች ጆሮ ቢደርስ የውድድር ግብዣ ሊያስቀርባት ይችላል፤ በዚያ ግብዣ ደግሞ ስንት ቤተሰብ ይኖራል! ስሟ ይውጣ፣ ፈቃዷ ይጠየቅ፤ የመጣውንም ምክር ከእኔ እኩል እሷ ታንብበው። ክለቦች ለዚህ የጽሑፍ መመሪያ ሊያወጡ ይገባል፤ በየአሰልጣኙ በጎ ፈቃድ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የእኛዋን ሯጭ ረጅሙን ሩጫ ወደ እንጦጦ ጫካ አዛወርንላት። የሰኞውን ቦታ የመረጠችው ራሷ ናት።