ግራፉን ሳታዩ ጻፉ የሚሉ አሰልጣኞች

ሰሞኑን አንድ የአይኤልትስ (የዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) አሰልጣኝ በቴሌግራም ያሰራጨውን ምክር አንብቤ ደሜ ፈላ። ታስክ ዋን ላይ፣ ማለትም ግራፍ አይታችሁ በእንግሊዝኛ በምትገልጹበት የጽሑፍ ጥያቄ ላይ፣ ግራፉን ለመረዳት ጊዜ አታባክኑ፣ ፈታኙ የሚያየው እንግሊዝኛችሁን እንጂ ግራፉን አይደለም፣ ሃያዋን ዓረፍተ ነገር ሸምድዱና ቁጥሩን ብቻ ቀያይሩ ነው የሚለው። ከሥሩ የምስጋና መዓት ተደርድሯል።

ፈታኙ ግራፉን አያይም ያለው ማን ነው? የራይቲንግ (የጽሑፍ ፈተናው) ውጤት የሚሰጠው በአራት እኩል መስፈርቶች ነው፤ የመጀመሪያው የተጠየቀውን በትክክል መመለስ ነው። መስፈርቶቹ ደግሞ ድብቅ አይደሉም፣ ለሕዝብ ይፋ የተደረጉ ናቸው። ዝርዝሩን እንደ ማሽን እየደረደረ አጠቃላይ ምስሉን ያላሳየ ጽሑፍ በዚህኛው መስፈርት ከ9 ባንድ (የውጤት ደረጃ) 5 ላይ እንደሚቀር እዚያው ተጽፏል። ይህን ሳያነቡ ለሰው ልጅ ባንድ 7 ቃል መግባት ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሁላችንም የምናውቀውን ቁጥር እንውሰድ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ በባር ግራፍ ተሥሎ ፈተና ላይ ቢመጣ ሸምዳጁ ምን ይጽፋል? ቁጥሩ በከፍተኛ ሁኔታ ሲዋዥቅ ቆይቷል የምትለዋን ይለጥፋል፤ ያጠናት እሷን ነዋ! የዋዠቀ ነገር ግን የለም። መጀመሪያ ባለበት ቆመ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት በተከታታይ ወጣ። ሸምዳጁ ይቀጥልና አራቱን ዓመታት ከነቁጥራቸው በተራ ይገለብጣቸዋል፤ አለቀ። ግራፉን ያየ ሰው ግን ሁለት ነገር ይናገራል፦ ከ2015 ወዲህ ድርሻው ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ በተሻለው ዓመት እንኳ ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላገኙም። ኦቨርቪው፣ አጠቃላይ ምስሉ፣ ማለት ይኸው ነው። በተራ እንግሊዝኛ ቢጻፍም ይሠራል። በየትኛውም ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የሽምደዳ ጽሑፍ) ውስጥ ግን አይገኝም፣ ሊገኝም አይችልም፤ ከዚያ ግራፍ እንጂ ከሌላ ቦታ አይወጣምና። ለዚህ ነው ከተመደበው 20 ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች እስክሪብቶ አስቀምጦ ማየት ብክነት የማይሆነው፤ የሚፈለገው እኮ 150 ቃላት ብቻ ነው። ለምን ጨመረ፣ ለምን አነሰ ለሚለውም መልስ የጠየቀ የለም። እኛ ግን ኩረጃ ስለቀረ ነው፣ መምህር ስለጎደለ ነው እያልን ግራፉ ላይ የሌለ ምክንያት መደርደር ይቀናናል።

ስለ መጨመርና መቀነስ የሚናገሩ ቃላትን ማጥናት ያስፈልጋል፣ አልክድም። ከዚያ ያለፈው ሽምደዳ ግን ጉዳት ነው። የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ጀምሩ የሚሉም አሉ፤ የተገለበጠው እንደማይቆጠር ለተማሪው አይነግሩትም።

ልጆቹን ምን ብዬ እወቅሳለሁ? እስከ 12ኛ ክፍል ምርጫ ሲያጠቁሩ የኖሩ ናቸው። የእንግሊዝኛ ብሔራዊ ፈተናችን አንድ አንቀጽ እንኳ አያስጽፍም። ግራፍ ደግሞ የሒሳብና የጂኦግራፊ መምህር ጉዳይ ተደርጎ ቀርቷል፤ የተሣለውን አይቶ ምን ይላል ብሎ በራስ ቃል መናገር የማንም ትምህርት አልሆነም። አሰልጣኝ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ሊሞላ ነበር። እሱ ግን ሃያ ዓረፍተ ነገር በፒዲኤፍ ይሸጣል፤ ውጤቱ 5.5 ሆኖ ሲመጣ ፈታኙ ጨካኝ ነው ይላል፤ ቤተሰብ አዋጥቶ የላከው ተፈታኝ እንደገና ሲመዘገብም ያንኑ ፒዲኤፍ ይልክለታል።