እኔ ጋ ይሰራል

ሞኒተሩ ጠቁሮበት ለተቸገረ ሰው “እኔ ጋ ይሰራል” ብሎ የሚመልስ ሰው ምን እንድንለው ነው የሚጠብቀው? እንኳን ደስ ያለህ? ዛሬ ሊኑክስ ላፕቶፔ ላይ ሁለተኛ ሞኒተር ሰክቼ “ኖ ሲግናል” የምትለዋ ሳጥን ከጥግ ጥግ ስትንሳፈፍብኝ ፎቶ አንስቼ ለአንድ ወዳጄ ላኩ፣ መልሱ ይቺው ሆነች፣ ከነፈገግታ ኢሞጂዋ። ምን ላይ ነው የሚሰራልህ ስለው ዊንዶውስ ላይ አይለኝም!

እሱስ ይሻላል። “ዲስትሮ ቀይር”፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ጫን፣ ባዩ ነው የሚብሰው፣ ጫማ ጠበበኝ ላለ ሰው እግርህን ቀይር እንደማለት። ሌላው ደግሞ ሊኑክስ ላይ ምስሉን ስክሪን ላይ ከሚያወጡት ሥርዓቶች አዲሱ ዌይላንድ ላይ ነህ ወይስ አሮጌው ኤክስ11 ሳይል የኤክስራንደር፣ የኤክስ11 ስክሪን ማስተካከያ፣ ትዕዛዝ ይወረውርልሃል፣ ኤክስ11 እኮ የ1987 ልጅ ነው ወንድሜ፣ ዌይላንድ ላይ በኤክስራንደር ሪዞሉሽን ልቀይር ብትል ማን ይሰማሃል።

የኔው ደግሞ ጭራሽ ሴቲንግ ውስጥ ሞኒተሩ አለ! ከነስሙ፣ ከነኢንቹ ተጽፎ ቁጭ ብሏል፣ ስክሪኑ ግን ድርግም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። ይሄን ተረት ስወደው፣ ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል ኬብል ሳይፈጠር አባቶቻችን ነገሩን ጨርሰውታል እኮ። ነገሩ ምክንያት አለው፣ ሞኒተሩ ማንነቱን የሚናገርባት ኢዲአይዲ የምትባል መታወቂያ መሠረቷ 128 ባይት ብቻ ናት፣ በራሷ ሽቦ ቀስ ብላ ትደርሳለች፣ ምስሉ ግን በሌሎች ሽቦዎች እየበረረ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ደካማ ኬብል ስሙን ያደርስና ምስሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ኬብል ካልን አይቀር ዩኤስቢ ሲ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። ቀዳዳው አንድ ዓይነት፣ ኬብሉ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ምስል ያወጣል ሌላው ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ምልክት የሚባል ነገር የለም፣ ገዝተህ ሰክተህ ነው የምታውቀው! ይሄን ተሰብስበው፣ እጅ አውጥተው ነው ያጸደቁት?

የኤችዲኤምአይን ደንብ የሚያወጡት ሰዎችም ያው ናቸው። የግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ ለሊኑክስ የኤችዲኤምአይ 2.1፣ ያ 4ኬ በ120 ኸርዝ የሚያሳልፈው ስሪት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራ ፕሮግራም) ሰርቶ ቢያቀርብላቸው በ2024 አይሆንም አሉት፣ ኮዱ በአደባባይ ከወጣ ምስጢራችን ይወጣል ነው ነገሩ። ቴሌቪዥን ላይ 4ኬ በ120 ኸርዝ ላያ ብሎ ገንዘቡን የከሰከሰው ሰውዬስ? ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን ሌላ የምስል መሰኪያ ፈልግ ይሉታል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዲስፕሌይፖርት ከየት ይምጣ? ሃርድዌሩ ይችል ነበር፣ ድራይቨሩ ተጽፎ ነበር፣ ያኔ የጎደለው ፊርማ ነበር። እዚህ ጋ ሳቄ ያልቃል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ ሞኒተሩ። ሪፍሬሽ ሬቱን፣ ምስሉ በሰከንድ ስንቴ እንደሚታደስ የሚለውን፣ ከ144 ወደ 60 ሳወርደው ምስሉ መጣ፣ ኬብሉን ቀይሬ ደግሞ 144 ላይ እሞክረዋለሁ።