ወርቃማ ፊደል በነጭ ላይ

አሁን ነው ከባጃጅ የወረድኩት። ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ካደረ ይበርድልኛል፣ እንዲበርድልኝ ደግሞ አልፈልግም።

ድረ ገጽ የምሠራለት የሆቴል ባለቤት ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ድረ ገጽ አስተናጋጆቹ ፊት ከፍቶ «ይህ የሆቴል ነው ወይስ የመርዶ?» አለኝ። ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ በማድረጌ! ወርቃማ ይሁንልኝ አለ። «ጋሼ፣ ወርቃማ በነጭ ላይ አይነበብም» ብዬ ለክቼ አሳየሁት፤ የተራ መጠን ፊደልና የመደቡ የድምቀት ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፣ የእርሱ ወርቅ 1.4 ለ 1 አካባቢ ነው።

«4.5 ያለው ማን ነው?»

«ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው ጋሼ፣ በፈረንጆቹ 2008 የወጣ።»

«ታዲያ የሚከፍሉህ እነሱ ናቸው?»

ይህን ችዬ ነበር። ለፎቶዎቹ ገላጭ ጽሑፍ ማስገባቴን፣ ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ ጮክ ብሎ እንደሚያነብለት ስነግረው ግን ወደ አስተናጋጆቹ ዞረና «ስሙ እንጂ! ዓይነ ስውር ሆቴሌን ሊያይልኝ ነው!» አለ። ሳቁ። ቡናውን ይጠጣ የነበረ እንግዳ ሳይቀር ሳቀ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬ ፈገግ አልኩ። የተቀበልኩት ቀብድ ብቻ ነዋ!

ዓይነ ስውር አይርበውም? አይደክመውም? አልጋ አይዝም? ዓይናቸው የማያይ የኔታ ስንቱን ተማሪ ቅኔ ባስቀጸሉበት ጎጃም ተወልዶ ይህን ይናገራል። ደግሞስ ወርቅ ከሰሙ ስር እንደሚደበቅ ያልሰማ ጎጃሜ አለ? እኔ ወርቁን ከፎቶው ስር ደብቄለት ነበር፤ እርሱ ግን ፊደሉ ላይ ይቀባልኝ ይላል።

«የእህቴ ልጅ በሁለት ቀን ይሠራዋል» ማለቱንም አልተወም። የእህት ልጅ የሌለው ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። የእህት ልጆች የሠሩትንም አይቻለሁ፦ ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ንቅንቅ የለም፤ የምግብ ዝርዝሩ ከቁርስ እስከ እራት አንድ ትልቅ ፎቶ ነው። ስክሪን አንባቢው፣ ያ ለዓይነ ስውር ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም፣ «ምስል» ይልና ያልፋል። ጾምህን እደር ማለት ነው።

የደብረ ማርቆሱ ደንበኛዬ ትዝ አለኝ። ጽሑፉን ላክልኝ ስለው ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ፣ ከነአውራ ጣቱ፣ በቴሌግራም ላከ። ለአውራ ጣቱም ገላጭ ጽሑፍ ልጻፍለት? የዳንግላው ይባስ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ፣ ከገባ ከፈረንጆቹ 1999 ወዲህ ዓለም ስንት ጊዜ ተገለባብጧል፣ እርሱ በጥንቱ ፎንት የተጻፈ ፋይል ላከልኝ። ስከፍተው የላቲን ፊደል ትርምስ። 14 ገጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ መብራቱም ሁለት ጊዜ ሄዶብኛል።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ወርቃማውን ናሙና በስልኩ ከፈትኩለት። በረንዳ ላይ ነን፣ ፀሐዩ የባሕር ዳር ፀሐይ ነው። ስልኩን ራቅ አደረገ፣ ቀረብ አደረገ፣ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። በመጨረሻ ለአስተናጋጇ ሰጣትና «እስኪ አንቺ አንብቢልኝ» አላት። እርሷም አልቻለችም።

«ስልኩ ነው፣ አርጅቷል» አለ።

ይኸው አሁን ወርቅ እየቀባሁለት ነው። ገላጭ ጽሑፎቹን አላወጣኋቸውም፤ አይታዩም፣ አያውቅም። ለቀሪው ገንዘብ ሰኞ ና ብሎኛል። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረኝም።