በር ከመንኳኳቱ በፊት ሰፈርተኛው ይጠየቅ

ነፍሰ ጡር ሴት ክትትል ስትጀምር የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግላታል። ከዚያ «ባለቤትሽንም ይዘሽው ነይ» ትባላለች። እሱ ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም። ወይ ሥራ ይይዘዋል፣ ወይ «አንቺ ነፃ ከሆንሽ እኔም ነፃ ነኝ» ይላል። ይሄ አደገኛ ስህተት ነው። ለዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት አንዳቸው ቫይረሱ በደማቸው ኖሮ ሌላቸው ላይኖርባቸው ይችላል።

ስለዚህ ምርመራውን ቤታቸው ድረስ መውሰድን እደግፋለሁ። በኬንያ ኪሱሙ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። ቤታቸው ድረስ ከተሄደላቸው ባሎች የተመረመሩት፣ ጤና ተቋም እንዲመጡ ከተጋበዙት ጋር ሲነፃፀሩ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። እኛም ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን።

የሚያሳስበኝ አካሄዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ቫይረሱ በገጠር 0.4 በመቶ፣ በከተማ ደግሞ 2.9 በመቶ አዋቂዎች ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ምርመራው ይበልጥ የሚያስፈልገው ከተማ ላይ ነው፤ የከተማ ኑሮ ደግሞ የታወቀ ነው። አምስት ስድስት ተከራይ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ይጋራል። ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል። ባለሙያዋ ቦርሳዋን ይዛ አንዱ ቤት ገብታ በሩ ከተዘጋ፣ ቡና እየጠጡ ያሉት ሁሉ ማን ቤት እንደገባች ያያሉ። ውጤቱ ነፃ ቢሆንም ወሬው ይቀድማል። ሁሉም ቤት እየገባች ደም ግፊትም ስኳርም ብትለካስ? ወይስ ሰዉ ሲመሽ ብትመጣ ይመርጣል? ይህን ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም።

ማን ይምጣ የሚለውም ቀላል አይደለም። የሰፈሩ ሠራተኛ ሁሉንም ታውቃለች፣ ልጅ ስታስከትብ የኖረች ናት። አንዱ በዚሁ ምክንያት ያምናታል። ሌላው በዚሁ ምክንያት ምስጢሩን አይሰጣትም። ምርጫው የባልና ሚስቱ መሆን አለበት።

«ማኅበረሰቡን አሳትፈናል» ሲባል ብዙ ጊዜ የዕድር ሊቀ መንበሩ፣ ቄሱና ሼኹ ተጠርተው ያለቀ ሰነድ ይነበብላቸዋል። እነሱ መኖራቸው ግድ ነው። ከጋብቻ በፊት ተመርመሩ የሚለው ምክር ሥር የሰደደው በሃይማኖት አባቶች ጭምር ነው። ግን ውጤቷን ያወቀች፣ ለባሏ ግን ያልነገረች ሴት ምን እንደምትፈራ እነሱ ሊነግሩን አይችሉም። ድብደባ አለ፣ ከቤት መባረር አለ። የልጆቿ ነገር አለ። ይህን የሚያውቁት ያለፉበት ሴቶች ናቸው። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበራት፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ እናቶችን የሚያማክሩ እናቶች ከመጀመሪያው ቀን መቀመጥ አለባቸው። እኔ ብጠየቅ፣ ሚስት ለብቻዋ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ ማንም በሯን እንዳያንኳኳ መመሪያው ላይ አሰፍር ነበር።

ጥቅሙም ለሁሉም ይነገር። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለአጋሩ አያስተላልፍም። ይህን ሳይሰሙ በፍርሃት በሩን የሚዘጉ ብዙ ናቸው።

ጤና ቢሮዎች የቤት ለቤት ምርመራው ቅጽ ሳይታተም አንድ ቀበሌ ላይ ይጀምሩ። የሚጠሩት ሰዎች የሥራ ቀናቸው ይከፈላቸው፣ ያልተስማሙበትንም ነጥብ ከአሠራሩ የማስወጣት ሥልጣን ይኑራቸው። ከሦስት ወር በኋላም እነዚያው ሰዎች ተጠርተው የተባለው መሠራቱን ይዩ።