ኧረ ይህ የቢቲዩ ነገር አንድ ይባልልን!

ዛሬስ ሳልተነፍሰው አላድርም። ኤሲ (የክፍል ማቀዝቀዣ) ለመግዛት መግለጫ ሳገላብጥ ዋልኩ። አንዱ 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ይላል። ሌላው 3.5 ኪሎዋት። ሌላው አንድ ቶን። አንዱ ደግሞ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብሎ አርፎታል። አራቱም ያው አንድ ዓይነት ዕቃ ናቸው እኮ!

እሺ፣ አንድ ኪሎዋት ማለት በሰዓት 3,412 ቢቲዩ ነው። 12,000ን ለዚህ ስታካፍሉት 3.5 ገደማ ይመጣል። እስከዚህ ሰላም ነው። ቶኑ ግን የዕቃው ክብደት አይደለም። አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ለማቅለጥ የሚያስፈልግ ሙቀት ነው። ቶኑም ቢሆን የምናውቀው 1,000 ኪሎ አይደለም፤ የአሜሪካኖቹ 907 ኪሎ ነው። የተፈጥሮ በረዶ እየተቆረጠ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ሂሳብ እስከ ዛሬ ያምሰናል።

ፈረሱ ደግሞ ባሰ። አንዱ ፈረስ 746 ዋት ነው፤ ሜትሪኩ ትንሽ ከሳ ብሎ 735። በዚህ ከሄድን አንድ ተኩል ፈረስ በሰዓት 3,800 ቢቲዩ ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ 12,000ው ከየት መጣ? ሻጮቹ ፈረስ የሚሉት ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) የሚበላውን መብራት በግምት ነዋ! ቢቲዩው ግን ከክፍሉ የሚወጣው ሙቀት ነው።

እኔን የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው። ሻጩ ቢቲዩውን በስልኩ ወደ ኪሎዋት ቀይሮ "3.5 ኪሎዋት ነው፣ ጄኔሬተርህ አይችለውም" ይለኛል። ወንድሜ፣ 3.5 ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት ነው! ኤሲ ሙቀት አይሠራም፣ ያጓጉዛል እንጂ። ስለዚህ ከቆጣሪው የሚስበው አንድ ኪሎዋት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። (አንዳንዱ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ይጎትታል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር፤ 3.5 በልቶ 3.5 ይሰጣል። ስልኩ ቁጥሩን ቀየረለት፤ የምን ኪሎዋት እንደሆነ ግን ማን ይንገረው?

ኢኢአር የሚባለውን የቁጠባ መለኪያ ደግሞ እዩልኝ። ላዩ ቢቲዩ በሰዓት፣ ታቹ ዋት! 10 ተብሎ ሲጻፍ ከበላው አሥር እጥፍ የሚያቀዘቅዝ ይመስላል። ለ3.412 ስታካፍሉት ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

የኃይል ማመንጫ ሰዎች እንኳ ይህን ለይተው ይጽፋሉ። የኑክሌር ጣቢያው 3,000 ሜጋዋት ሙቀት፣ 1,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ይላሉ፤ ያለቀለት ነው። የኤሲ ካርቶን ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል? ይህን ያህል ሙቀት ያወጣል፣ ይህን ያህል መብራት ይበላል። በቃ።

እና እባካችሁ "በሰዓት" የምትለዋን አትዋጧት። ቢቲዩ ብቻውን የሙቀት መጠን ነው፤ አንድ ፓውንድ ውሃ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት የሚያሞቅ። 12,000 ቢቲዩ ብላችሁ ዝም ስትሉ በደቂቃ ነው? በቀን ነው? ወይስ እስኪበላሽ ድረስ በጠቅላላው?